መንገድ ላይ የማይነገር

ፊልሞንን እናክብረው ብለን ተነስተን ልንገድለው ምንም አልቀረን ነበር። ይህን የምላችሁ እኔ ብርሃነሽ ነኝ፤ የእድራችን የዕቃ ቤት ኃላፊ። ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ብረት ድስቱም ያለ እኔ ቁልፍ አይወጣም። ንዴቷ ቅርብ ነው ይሉኛል። ይበሉኝ። ያን ቅዳሜ የሆነውን አይቶ ያልተናደደ ሰው ካለ ሐኪም ይየው።

ፊልሞን ከእኛ ሦስተኛው ግቢ የሚኖር የውኃ ቦቴ ሾፌር ነው። ቦቴው የራሱ አይደለም፣ የአንድ ነጋዴ ነው። ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ አካባቢ ቧንቧ ላልገባላቸው ሰዎችና ቤት ለሚያሠሩ ውኃ ማመላለስ ነው። ማታ ማታ ያንን ግዙፍ መኪና እዚህ ሰፈራችን ባህል አዳራሽ አምጥቶ በራችን ላይ ይገትረዋል። መንገዱን ዘጋኸው እያልኩ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ። ፈገግ ይልና ትንሽ ወደ ኋላ ያስጠጋዋል። ሃምሳውን አልፏል፣ ረጅም ነው፣ ዕድሜውን መሪ ላይ ስለጨረሰ ጀርባው ጎበጥ ብሏል። ሚስቱ ታቢታ መሃል ከተማ ልብስ ትሰፋለች። እግዚአብሔር የሰጣቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ ሳያት።

በባድመው ጦርነትም የሚነዳው ቦቴ ነበር። እሱና ወንድሜ ታደሰ አብረው ኳስ የሚጫወቱ፣ ሲያጠፉም አብረው የሚገረፉ ልጆች ነበሩ፤ የዘመቱትም በአንድ ቀን ነው። ታደሰን እግረኛ አደረጉት። ፊልሞን መንጃ ፈቃድ ስለነበረው የውኃ ቦቴ ሰጡት። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አያወራም፣ እኔ የማውቀውን የነገረችኝ ታቢታ ናት። መብራት አጥፍቶ ነበር የሚነዳው። አንድ ወታደር ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ አስሮ ከፊት ከፊት ይሄድለታል፣ እሱ ያችን ጨርቅ እያየ ይከተላል። ሲወጣ ውኃ ይዞ፣ ሲመለስ ቁስለኛ ጭኖ። ስለ ጀግና ሲወራ ተነስቶ ይወጣል። «እኔ ውኃ ነው ያመላለስኩት፣ አሁንም ውኃ ነው የማመላልሰው» ይላል።

ጦርነቱ አልቆ ተመላሾቹ ሲመጡ መናኸሪያ ሄድኩ። እናቴ ቤት ሆና ትጠብቃለች። ፊልሞን ከአውቶቡስ ሲወርድ አየሁትና አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። «ታደሰስ?» አልኩት። ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ከኋላ ነው፣ በሚቀጥለው መኪና ይመጣል» አለኝ። ሮጬ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። አልጋው ተነጠፈ፣ በግ ተገዝቶ ታሰረ። በዚያው ሳምንት፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። ፊልሞን ያውቅ ኖሯል። ታደሰን ከወደቀበት ያነሳው ራሱ ነበር።

ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኩትም። እርግጥ ወግ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ከወደቀ ቤቱ ይውደቅ፣ ወገኑ መሃል ይውደቅ ነው ነገሩ። ስለዚህ ለጎረቤት ቀድሞ ይነገራል፣ ጎህ ሲቀድ ሰውየው ሳይወጣ ይደረስበታል፣ ከዚያ ነው የሚረዳው። መንገድ ላይ ያገኘኸው ሰው የሚልህ «ደህና ነው» ነው። ቢበዛ «ትንሽ አሞታል»። ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም አንገብግቦኝ ነበር።

እንግዲህ ሳያት ካደገች በኋላ ወታደር ካልሆንኩ አለች። አባቷ እግሯ ላይ ሊወድቅ ደርሶ ነበር። «አንተስ ሄደህ የለም እንዴ?» አለችው። ሸኛት። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውላለች። የምትደውለው ከሰው ስልክ ስለሆነ ቁጥሩ ሁልጊዜ ሌላ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ። ያለችበት ቦታ ኔትወርክ የለም አሉ። ክፍሏ ተዛውሯል አሉ። አሉ፣ አሉ፣ አሉ ብቻ ሆነ። ሰኔ ገባ።

የፊልሞን ነገር የገባኝ በሞተሩ ድምፅ ነው። ድሮ ቁርሱን በልቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ነበር የሚንቀሳቀሰው። አሁን ወፍ ሳይንጫጫ ያስነሳዋል። በዚያ ሰዓት ቱላ ማን ውኃ ይቀበለዋል? አንድ ቀን ታቢታን ያዝኳት። «ባልሽ ምን ነካው? እንቅልፍ ነሳን እኮ» አልኳት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ፣ «መርዶ የሚነገረው ቤት ነው አይደል? ቤት ካላገኙኝ ምን ያደርጉኛል ይላል» አለችኝ። ቱላ ደርሶ መኪናውን አንድ ጥግ ያቆምና ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው። ስልኩም ያው ነው። ከማያውቀው ቁጥር ሲደወል ቶሎ ያነሳል፣ ሳያት ልትሆን ትችላለች። እኛ የሚያውቀን ሰዎች ስንደውል አያነሳም። ከእኛ ምን ደግ ወሬ ይመጣል ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናው ጮኼበት አላውቅም።

ጋሽ ግዛቸው የተነሱት እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። ጋሽ ግዛቸው የእድራችን ሊቀ መንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደግ ሰው፣ ግን ማይክ ከያዙ የማይለቁ። በስብሰባ ላይ፣ «የዘመቱ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን በቁማቸው እናክብራቸው። የተደራጀነው ሰው ለመቅበር ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። እውነት እውነት ነው፣ መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ሙሉ ጦር ሜዳ ቁስለኛ ስታክም ወጣትነቷን የጨረሰች ሴት ናት፤ ማንም ተነስቶ አመሰግናለሁ ብሏት አያውቅም። የሞቱትም ፎቶአቸው ይሰቀላል ተባለ። የታደሰን ፎቶ አስጠርጌ በአዲስ መስታወት አስገባሁት። በሕይወት ላሉት ጋቢ ይደረብላቸዋል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል። ቀኑ እሁድ ተባለ። ሁሉም እሺ አለ፣ ያልተገኘው ፊልሞን ብቻ ነው።

ደወሉለት፣ አላነሳም። ማታ አንኳኩ፤ ታቢታ «አልገባም» አለች፣ እሱ ጓዳ ሆኖ እየሰማ። ጋሽ ግዛቸው ይህን በትሕትና ተረጎሙት። «ክብር የሚሸሽ ሰው ነው። ማለዳ ሳይወጣ እቤቱ እንይዘዋለን» አሉ።

«ኧረ ጋሽ ግዛቸው፣ ማለዳ አይሂዱ» አልኳቸው። «የልጅቷ ድምፅ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። ለእኔ ይተዉልኝ፣ ታቢታን በቀን ላነጋግራት።»

«አንቺ ድስትሽን ጠብቂ» አሉኝ እየሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ሐሳባቸውን የተዉት መስሎኝ ነበር። ዓርብ ማታ ድንኳኑንና አግዳሚውን ለእሁዱ ብለው አስወጡኝና ጋሽ ግዛቸው ግቢ፣ ልክ ከፊልሞን በር ፊት ለፊት ከመሩት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሄዱ። ሦስት ሆነው፤ ጋሽ ግዛቸው፣ የእድሩ ዳኛ፣ እና የእነታቢታ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ፓስተር እዮኤል። ፓስተሩን የወሰዱት «እሱ ካለ ፊልሞን እምቢ አይለንም» ብለው ነው። ያካፋ ስለነበር ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ፊልሞን ወጥቶ ከሄደ ቆይቷል፤ በሩን የከፈተችው ታቢታ ናት። እስኪ አስቡት። የልጅሽ ድምፅ ከጠፋ ወራት ሆኖ፣ ገና ዓይንና ዓይን ሳይተያይ፣ ሦስት የተከናነቡ ሽማግሌዎች፣ አንዱ ፓስተርሽ። ጋሽ ግዛቸው ደግሞ ወግ አዋቂ ናቸውና ነገሩን በር ላይ አልተናገሩም። «እንደምን አደርሽ ታቢታ፣ እስኪ ወደ ቤት ግቢና እንቀመጥ» አሏት።

ጩኸቷን እኔ ከአልጋዬ ሰማሁት። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ስደርስ ታቢታ በረንዳው ላይ ወድቃለች፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እያሉ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ጋሽ ግዛቸው መሃል ቆመው፣ «ማንም አልሞተም፣ ለሽልማት ነው የመጣነው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ባሰ። ታቢታ ሽልማት የሚለውን ቃል ስትሰማ፣ «ልጄን በልተው ኒሻን ሊሰጡኝ ነው» አለችና እንደገና ወደቀች።

ውኃ አፈሰስኩባት። ደግፌ ካስቀመጥኳት በኋላ ፓስተር እዮኤልን ጎትቼ ፊቷ አመጣኋቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘው ማሉላት፤ ስለ ሳያት ምንም የሰማነው የለም፣ የመጣነው ለፊልሞን ክብር ነው አሉ። «አባቷ እስኪመጣ ነው አይደል የምትደብቁኝ?» አለች። ሴቶች ይዘዋት ወደ ውስጥ ገቡ።

ወደ ውጭ ዞር ስል ድንኳኑ ተተክሏል። የሰፈሩ ጎረምሶች ለቅሶ ሲሰሙ እጃቸው አያርፍም፣ ዕቃው ደግሞ በራፉ ላይ ነበር። ለቀስተኛ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ሁሉም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። «ማነው?» ይላል አንዱ። «እንጃ፣ ፊልሞን ቤት ነው» ይላል ሌላው። ይርጋለም ያለችው የታቢታ እህት ገና ረፋድ ሳይሆን ሰምታለች። ማን እንደሞተ ያወቀ የለም፤ ፊልሞን ቤት ድንኳን ተተክሏል ተባለ፣ አለቀ። ጋሽ ግዛቸውን በሰው ፊት ያልኳቸውን እዚህ አልደግመውም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። ትልቅ ሰው አንገቱን ሲደፋ ደግሞ ንዴቱም አይጠቅምም።

ፊልሞን የመጀመሪያውን ውኃ አራግፎ ለቁርስ የሚመለስበት ሰዓት ደረሰ። ስልክ አያነሳም። ድንኳኑን አውርዱ ብል፣ ሽማግሌዎች ሥር ተቀምጠዋል፣ ማን ያስነሳቸው? ድንኳኑን ሳያይ ልድረስበት ብዬ ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። አልቀደምኩትም። ቦቴው ታጥፎ ገብቶ መንገዱ መሃል ቆመ። ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወረደና ከእኔ ጀርባ ወዳለው ድንኳን ተመለከተ።

«ፊልሞን ስማኝ» አልኩት። «ማንም አልሞተም።»

«ሳያት ናት?»

«አልሞተችም እልሃለሁ። ጋሽ ግዛቸው ለእሁዱ ሽልማት ሊጋብዙህ በጠዋት መጥተው ታቢታ ደንግጣ ነው።»

«ሳያት ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩት።

«በምን አወቅሽ?»

በምን አውቃለሁ? እኔም እንደ እሱ ከፋሲካ ወዲህ የሰማሁት የለም።

«እኔም እንዲህ ብዬሽ ነበር» አለኝ። «መናኸሪያው በር ላይ። ዓይንሽን እያየሁ።»

ማልኩለት፣ በታደሰ አፅም ማልኩለት። በማልኩለት ቁጥር ባሰበት እንጂ አላመነኝም። እውነቱን የምነግርበት ሌላ አፍ የለኝም፤ ውሸቱም የሚነገረው በዚሁ ቃል ነው። ልጮህበት አሰብኩ፣ ልመታውም አሰብኩ። በመጨረሻ፣ «በወጉ ይሁን፣ ቤቴ አግቡኝና ንገሩኝ» አለና አልፎኝ ሄደ።

ድንኳኑ ሥር ገባ። ሰው ሁሉ ተነሳለት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «ይኸው ገባሁ። ንገሩኝ» አለ። ማን ምን ይናገር? የሚነገር የለም። ፓስተር እዮኤል፣ «ወንድሜ፣ በጌታ ፊት፣ የምንነግርህ የለንም» አሉት። ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ እስኪሰበሰቡ እጠብቃለሁ» አለ። ዘመድ እስኪመጣ የሚያቆዩት መስሎታል። ጋሽ ግዛቸው ጥግ ይዘው እንባቸውን በጋቢያቸው ይጠርጋሉ፤ እሱ ያንን ያያል። አያልቅሱ ብዬ በክርኔ ጎሸምኳቸው።

እንዲህ ሆኖ ዋለ። ምግብ ቀረበ፣ አልበላም። ለቀስተኛው ተነስቶ እንዳይሄድ ሰውየው ሀዘን ላይ ነው፤ ተቀምጦ እንዳያለቅስ የሞተ የለም። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የታቢታ ማንጎራጎር ይሰማል። ከዕቃ ቤቱ ብዙ ለቅሶ አውጥቼ አስገብቻለሁ፣ ሞት የሌለበትን የዚያን ቀን ያህል የከበደኝ ግን የለም። ልጅቱ በእርግጥ ሞታ ቢሆንስ? ይህን ማሰብ ከጀመርኩ በኋላ ለማቆም አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ፊልሞን አውጥቶ አየው። የማያውቀው ቁጥር ነው። ያ ሰው ከማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት ያልዘለለበት ቀን የለም፤ ያን ጊዜ ግን አላነሳውም። ወደ እኔ ዘረጋልኝና፣ «አንቺ ስሚው» አለኝ። አነሳሁትና «ሄሎ» አልኩ።

«ሄሎ? ማነው? እትዬ ብርሃነሽ ነሽ?» ድምጿ በልቅሶ ታፍኗል፣ ቢሆንም ለየሁት። «እውነቱን ንገሪኝ። አባዬ መቼ ነው የሞተው?»

በኋላ እንደሰማነው፣ የታቢታ እህት ባል ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ልጅቷ የት ናት ብሎ ወራት ሲጠይቅ ሰሚ አላገኘም ነበር። ያን ጠዋት ግን የሞተው ፊልሞን መስሎት «አባቷ አርፏል፣ ለቀብር ልቀቁልን» ብሎ ሲደውል ስልኩን ሁሉም አነሳለት። ለሞት ሲሆን በር ይከፈታል። አዛዧ አስጠርቶ፣ «አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ደውይ» ብሎ ስልክ ሰጣት።

«አባትሽ ደህና ነው፣ አጠገቤ ነው» አልኳት።

«አትዋሺኝ እትዬ ብርሃነሽ። ትንሽ አሞታል ነው ያሉኝ። ትንሽ አሞታል ማለት ምን እንደሆነ የማላውቅ ልጅ ነኝ እንዴ?»

ስልኩን የፊልሞን ጆሮ ላይ ደቀንኩት። ድምጿ ለእኔም ይሰማኛል። «አባዬ፣ አባዬ» እያለች ታለቅሳለች፤ ሳላይህ፣ ሳልጦርህ ትለዋለች፣ እንደ ሞተ ሰው። እሱ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ይሰማል። «ተናገር እንጂ፣ ልትገድላት ነው?» ብዬ ክንዱን ቆነጠጥኩት።

«ሳያት» አለ።

ልቅሶው ቀጥ አለ። «አባዬ?»

«አለሁ።»

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አልሞትኩም። አልቅሺልኝ፣ ግድ የለም፣ እሰማሻለሁ።» ድንኳኑ ሥር ያለ ሰው ሁሉ ቆሟል። «ልጄ፣ ቅበሪኝ እሺ? አንቺ ቅበሪኝ» አላት። አባት ሁሉ ለልጁ የሚለው ቃል ነው፤ እኔም ለልጆቼ በቀን ስንቴ እላለሁ። የዚያን ቀን ሲለው ግን ጋሽ ግዛቸው ቁጭ ብለው ተንሰቀሰቁ።

ታቢታ ሁካታውን ሰምታ ከውስጥ ሮጣ ወጣች። ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። «ሳያት፣ ሳያትዬ» አለች። መስመሩ ተቋርጧል። ደወልን፤ አይሠራም። ደጋግመን ደወልን።

«ሰምቻታለሁ፣ ታቢታ። በጆሮዬ ነው የሰማኋት» አላት ፊልሞን፤ ፊቱ በእንባ ርሶ ይስቃል።

«እኔም ሰምቻታለሁ» አልኳት።

ታቢታ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። «እናንተ ሰማችሁ» አለች። «እኔ አልሰማሁም።» ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ድንኳኑን የሚያወርድ ጠፋ፤ እኔም አውርዱ አላልኩም። እሁድ ከሰዓት ዝግጅቱ የሆነው እዚያው ፊልሞን በር ላይ ነው። ፎቶዎቹ ተሰቀሉ፣ ታደሰም ተሰቀለ። ለሲስተር ሙሉ ጋቢ ተደረበላት። ፊልሞን ስሙ ሲጠራ ተነሳና ተደረበለት፤ አጎንብሶ አመስግኖ ታቢታ አጠገብ ተመልሶ ተቀመጠ። ታቢታ ስልኩን እንደያዘች ነበር። ጋሽ ግዛቸው ስብሰባ ሲከፍቱ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚሉት «ስልካችሁን ዝጉልኝ» ነው። ያን ቀን አላሉም።